ከዲትሮይት እስከ ዴይተን፦ የአሜሪካ መኪና ፈጠራዎች በተወለዱባቸው ከተሞች

መኪናን የፈለሰፉት አሜሪካውያን አይደሉም። በቤንዚን ሞተር ለሚሄደው ባለሦስት ጎማ ተሽከርካሪው በ1886 የፈጠራ ባለቤትነት መብት ያገኘው ጀርመናዊው ካርል ቤንዝ ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የአሜሪካ አምራቾች ድርሻ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው፤ የባለጸጋ መዝናኛ የነበረውን ዕቃ ገበሬና የፋብሪካ ሠራተኛ እንዲገዛው፣ ጉልበት ያለውም የሌለውም እንዲነዳው አደረጉ። ይህ ለውጥ ከተካሄደባቸው ቦታዎች ብዙዎቹ የሚገኙት ሚሺጋን፣ ኢንዲያናና ኦሃዮ በተባሉት አጎራባች ግዛቶች ውስጥ ነው። ከዲትሮይት ተነስቶ በላንሲንግና በኦበርን በኩል ዴይተን የሚደርስ መንገደኛ አንድ በአንድ ሊያያቸው ይችላል። በየደረሰበትም አንድ ጥያቄ ይከተለዋል፦ የቀዳሚነት ክብር የሚገባው መጀመሪያ ለሠራው ነው ወይስ ለብዙኃኑ ላደረሰው?

የጉዞው መነሻ የዲትሮይቱ ፒኬት ጎዳና ነው። እዚያ ያለው ባለሦስት ፎቅ የጡብ ሕንፃ በ1904 ለፎርድ ኩባንያ የተሠራ ሲሆን ዛሬ ሙዚየም ሆኗል። ርዝመቱ ከ120 ሜትር በላይ፣ ወርዱ ግን 17 ሜትር ያህል ብቻ ነው። አሠራሩ የተቀዳው ከኒው ኢንግላንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ሲሆን፣ ጠባብነቱ የቀን ብርሃን በሁለቱም ወገን ካሉት መስኮቶች ገብቶ መሐል ወለሉ ድረስ እንዲደርስ ያስችላል። በሦስተኛው ፎቅ ጥግ ላይ በሳንቃ ተከልሎ የነበረው ክፍል ሞዴል ቲ የተነደፈበት ነው። ሃንጋሪ ተወላጁ ጆሴፍ ጋላምብ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ሲነድፍ፣ ሄንሪ ፎርድ የእናቱ በነበረው ተወዛዋዥ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሥራውን ይከታተል ነበር።

ለሽያጭ የተዘጋጀው የመጀመሪያው ሞዴል ቲ በመስከረም 1908 ከዚህ ሕንፃ ወጣ። መኪናው በቀላልነቱና በጥንካሬው ከሌሎቹ ይለያል። አራቱ ሲሊንደሮች በአንድ ብሎክ ተቀልጠው የተሠሩ ሲሆን፣ የሞተሩ ቴስታ ተፈትቶ ስለሚነሳ ገበሬው ራሱ ከፍቶ ሊጠግነው ይችል ነበር። ዋና ዋና ተሸካሚ ክፍሎቹ የተሠሩት ቫናዲየም ከተባለው ማዕድን ጋር ከተቀላቀለ፣ ክብደቱ ቀላል ሆኖ ጥንካሬው ግን ከተራው ብረት የሚበልጥ ብረት ነው። መሪው በግራ በኩል ተተከለ፤ ሌሎች የአሜሪካ አምራቾችም ያንኑ ተከተሉ። የመሸጫ ዋጋው 850 ዶላር ሲሆን፣ ከብዙዎቹ የዘመኑ መኪኖች ቢረክስም ለተራ ሠራተኛ ገና ሩቅ ነበር። በፒኬት ሠራተኞች እየተዘዋወሩ የሚገጣጥሙት መኪና ባለበት ይቆም ስለነበር ዋጋውን ከዚያ በታች ማውረድ አልተቻለም።

መኪና በብዛት ከመመረቱ በፊት ዕቃዎቹ አንዱ በሌላው ሊተኩ እንደሚችሉ መረጋገጥ ነበረበት። ይህን ያረጋገጠው ሌላው የዲትሮይት አምራች ካዲላክ ነው። የኩባንያው መሪ ሄንሪ ሌላንድ በጦር መሣሪያና በማሽን መሥሪያ ፋብሪካዎች ያደገ፣ ለልኬት ትክክለኛነት እጅግ ጥንቁቅ የነበረ ባለሙያ ነው። በ1908 ሦስት የካዲላክ መኪኖች በእንግሊዝ አገር በብሩክላንድስ በንጉሣዊው የአውቶሞቢል ክለብ ፊት እስከ መጨረሻዋ ብሎን ተፈታቱ። ዕቃዎቻቸው በአንድ ክምር ተደባለቁ፤ የተወሰኑትም ከመጋዘን በመጣ አዲስ ዕቃ ተተኩ። መካኒኮቹ ከክምሩ እያነሱ ሦስቱን መኪኖች በተራ መፍቻና ማጥበቂያ መልሰው ገጠሟቸው። ሞረድ አላስፈለጋቸውም። መኪኖቹ ተነሱ፤ እያንዳንዳቸውም 800 ኪሎ ሜትር ያህል ያለ ችግር ሄዱ። ካዲላክ ለዚህ ሥራው የዲዋር ዋንጫን ሲሸለም አንድ ነገር ግልጽ ሆነ፤ የተበላሸ ዕቃ ከመደብር በተገዛ አዲስ ዕቃ ሊተካ ይችላል። ዛሬ በየትኛውም ከተማ የመለዋወጫ ሱቅ ሊኖር የቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

ከፒኬት በዉድዋርድ ጎዳና ወደ ሰሜን 6 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ ሃይላንድ ፓርክ ይደረሳል። በአርክቴክቱ አልበርት ካን የተነደፈውና በ1910 ሥራ የጀመረው የፎርድ ፋብሪካ ከፊሉ ዛሬም ቆሟል። የፈጠራውን ጅምር በደንብ የምታሳየው አንዲት ትንሽ ዕቃ ነች፤ ለካንዴላ ብልጭታ ኤሌክትሪክ የምታመነጨው ማግኔቶ። ቀድሞ አንድ ሠራተኛ አንዷን ማግኔቶ ብቻውን ገጥሞ ለመጨረስ 20 ደቂቃ ያህል ይፈጅበት ነበር። በ1913 የፀደይ ወራት 29 ሠራተኞች በአንድ ረድፍ እንዲቆሙና እያንዳንዱ አንድ ወይም ሁለት ነገር ብቻ ሠርቶ ወደ ጎረቤቱ እንዲገፋ ተደረገ። ጊዜው ወደ 13 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ወረደ። የሠራተኞቹ ወገብ ማጎንበሱን እንዲተው መደርደሪያው ከፍ ሲልና ሥራው በሰንሰለት መጎተት ሲጀምር ደግሞ 5 ደቂቃ በቂ ሆነ።

በዚያው ዓመት መኸር ይኸው ዘዴ ወደ ሙሉው መኪና ተሸጋገረ። ሻሲው በገመድ እየተጎተተ በሠራተኞቹ ፊት ማለፍ ጀመረ። ከ12 ሰዓት በላይ ይወስድ የነበረው ሻሲን የመገጣጠም ሥራ በ1914 ወደ 93 ደቂቃ ወረደ። ሞዴል ቲ በ1925 በ260 ዶላር ይሸጥ ነበር፤ ምርቱ በ1927 እስኪቆም ድረስም ከ15 ሚሊዮን በላይ ተመርቷል። ሥራው ሠራተኛውን ያስከፈለው ግን ቀላል አልነበረም። ቀኑን ሙሉ አንድ ብሎን ማጥበቅ አእምሮን ስለሚያደክም ሰዎች በገፍ ሥራውን እየለቀቁ ይሄዱ ነበር። ፎርድ በጥር 1914 የስምንት ሰዓት የሥራ ቀንና የ5 ዶላር ዕለታዊ ክፍያ ያወጀው አንድም ሠራተኞቹን ለማቆየት ነው። ክፍያው ከቀድሞው እጥፍ ያህል ስለነበር መኪናውን የሚሠራው ሰው መኪናውን ለመግዛት ተቃረበ። የሃይላንድ ፓርክ ትልቁ ቀዳሚነትም ይህ ነው።

ከዲትሮይት በስተምዕራብ ያለችው ዲርቦርን የሄንሪ ፎርድ ሙዚየም መገኛ ናት። እዚያ ፎርድ በ1896 በቤቱ ጓሮ በነበረች መጋዘን የሠራው የመጀመሪያ ተሽከርካሪ ይታያል። አራት የብስክሌት ጎማ አለው፤ የሚመራው እንደ ጀልባ በእጀታ ሲሆን ወደ ኋላ የሚሄድበት ማርሽ የለውም። ተሠርቶ ሲያልቅ ከመጋዘኗ በር ስለሰፋ ፎርድ በመጥረቢያ የጡቡን ግድግዳ አፍርሶ አወጣው። በሙዚየሙ ሌላ ትኩረት የሚስብ መኪና አለ፤ የፎርድ ባለቤት ክላራ ትነዳው የነበረው የ1914 ዲትሮይት ኤሌክትሪክ። የዓለም ዝነኛው የቤንዚን መኪና አምራች ሚስት በባትሪ መኪና ትሄድ የነበረው በዘመኑ ብዙው የቤንዚን ሞተር የሚነሳው በፊቱ ተሰክቶ በሚዞር ብረት ስለነበረ ነው። ሞተሩ በተሳሳተ ጊዜ ሲተኩስ ብረቱ ወደ ኋላ ይመለስና የአስነሺውን ክንድ ይሰብራል። የባትሪው መኪና ግን ሽታም ሆነ ጩኸት የለውም፤ ማስነሻውም አንድ እጀታ መግፋት ብቻ ነበር።

ከዲርቦርን 140 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ ተጉዞ ላንሲንግ ሲደረስ በራንሰም ኦልድስ ስም የተሰየመው ሙዚየም ይገኛል። ኦልድስ ከፎርድ አስቀድሞ ተመሳሳይ መኪና በብዛት ማምረት የጀመረ ሰው ነው። ፊቱ እንደ በረዶ ተንሸራታች ወደ ኋላ የታጠፈው ትንሹ ኦልድስሞቢል ከ1901 ጀምሮ በ650 ዶላር ተሸጠ፤ በመጀመሪያው ዓመት 425 ብቻ ቢመረትም በተከታዮቹ ዓመታት ቁጥሩ በሺዎች ሆነ። ኦልድስሞቢል በኋላ የጄኔራል ሞተርስ አካል ሲሆን፣ ኩባንያው አዳዲስ ነገሮችን መጀመሪያ የሚሞክረው ብዙ ጊዜ በዚህ ስም ነበር።

በኦልድስሞቢል ስም ከተሞከሩት አዳዲስ ነገሮች ሁሉ የላቀው አውቶማቲክ ካምቢዮ ነው። ታሪኩ ኧርል ቶምፕሰን ከተባለ አንድ ኢንጂነር ጋር የተያያዘ ነው። በቀድሞው ካምቢዮ ማርሽ ለመቀየር ሲሞከር በተለያየ ፍጥነት የሚዞሩት ጥርሶች ስለሚጋጩ ይንኳኳሉ፤ ነጂው ፍሪሲዮኑን ሁለት ጊዜ እየረገጠ፣ ነዳጅ እየሰጠ ፍጥነታቸውን በጆሮው ማመጣጠን ነበረበት። ቶምፕሰን ጥርሶቹ ከመገናኘታቸው በፊት የሾጠጡ ቀለበቶች ተፋትገው ፍጥነታቸውን እኩል የሚያደርጉበትን ስልት ፈጠረ፤ ካዲላክም በ1929 ሞዴሎቹ ላይ አዋለው። ይኸው ሰው የመራው ቡድን ቀጥሎ ፍሪሲዮንን ከነጭራሹ አስቀረ። ሃይድራማቲክ የተባለው ካምቢዮ ባለአራት ፍጥነት ሲሆን፣ የሞተሩን ጉልበት በዘይት አማካይነት ያስተላልፋል፤ ማርሹንም በዘይት ግፊት በራሱ ይቀይራል። በ1940 የኦልድስሞቢል ሞዴሎች ላይ 57 ዶላር ብቻ ተጨምሮበት ለማንኛውም ገዢ ቀረበ። ጦርነት ሲመጣ ደግሞ በታንኮች ላይ ተገጠመ። መንዳት የዓመታት ልምድ የሚጠይቅ ሙያ መሆኑ የቀረው ከዚህ ጊዜ ጀምሮ ነው።

የኦልድስሞቢል ታሪክ የጀመሩትን ያለመጨረስ ታሪክም ነው። በ1962 የወጣው ጄትፋየር ከዚያው ዓመት የሼቭሮሌ ኮርቬር ጋር ቱርቦ ተገጥሞላቸው ለሕዝብ ከተሸጡት የመጀመሪያዎቹ መኪኖች አንዱ ነው። ሞተሩ ከመጠን በላይ ግሎ እንዳይንኳኳ የውሃና የሜታኖል ድብልቅ ይረጭበታል። ብዙ ባለቤቶች ይህን ፈሳሽ መሙላት ስለሚዘነጉ ቱርቦው ጉልበቱን ያጣ ነበር፤ መኪናውም ከሁለት ዓመት በላይ አልተመረተም። በ1974 ደግሞ ኦልድስሞቢል ቶሮናዶ ኤርባግ ተገጥሞለት ለሕዝብ ቀረበ። ጄኔራል ሞተርስ ኤርባግ ያላቸውን ወደ 10 ሺህ የሚጠጉ መኪኖች ከሸጠ በኋላ በ1976 ፈላጊ የለም ብሎ አቆመው። ሥራውን በ1980ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ ያስቀጠለው ጀርመናዊው መርሴዲስ ቤንዝ ሲሆን፣ በአሜሪካ የፊት ኤርባግ በሁሉም አዳዲስ የቤት መኪኖች ላይ ግዴታ የሆነው በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው። ነፍስ አድን መሣሪያ በእጁ የነበረ ኩባንያ ከአሥር ዓመት በላይ አባከነ።

ከላንሲንግ በደቡብ ምዕራብ አቅጣጫ ወጥቶ ወደ ኢንዲያና የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ኦበርን ከተባለች ትንሽ ከተማ ያደርሳል። በ1930 የተሠራው የኦበርን ኩባንያ ዋና መሥሪያ ቤትና የሽያጭ አዳራሽ፣ ወለሉና መብራቶቹ በዘመኑ ጌጥ እንዳማሩ፣ የኦበርን፣ የኮርድና የዱሰንበርግ መኪኖች ሙዚየም ሆኗል። ፍሬድ ዱሰንበርግ በአራቱም ጎማ ላይ የፈሳሽ ፍሬን ያለውን የቤት መኪና በ1921 ለገበያ ሲያቀርብ ቀዳሚ ነበር። በዚያን ጊዜ ፍሬን በብረት ዘንግና በገመድ የሚሠራ፣ በአብዛኛውም በኋላ ጎማዎች ላይ ብቻ የሚገጠም ነበር፤ ገመዱ አንዱ ከጠበቀና ሌላው ከላላ መኪናው ወደ ጎን ይጎተታል። በቱቦ ውስጥ የታመቀ ፈሳሽ ግን ግፊቱን በሁሉም አቅጣጫ እኩል ያደርሳል። ይህንኑ ፍሬን የታጠቀ የዱሰንበርግ መኪና በዚያው ዓመት የፈረንሳይን ግራንድ ፕሪ አሸነፈ።

የዱሰንበርግ መኪና ግን ለባለጸጋ ብቻ ነበር። የፈሳሽ ፍሬንን መካከለኛ ገቢ ላለው ሰው ያደረሰው ዋልተር ክራይስለር ሲሆን፣ በ1924 በራሱ ስም ባወጣው የመጀመሪያ መኪና ላይ አራቱንም ጎማ በፈሳሽ የሚይዝ ፍሬን ገጠመለት። በዚሁ ሙዚየም የሚታየው የ1936ቱ ኮርድ 810 ደግሞ ተቃራኒውን ያሳያል። ጎርደን ብዩሪግ የነደፈው ይህ መኪና በፊት ጎማዎቹ ይጎተታል፤ መብራቶቹም በጭቃ መከላከያዎቹ ውስጥ ይደበቃሉ። ነጂው በዳሽቦርዱ ግራና ቀኝ ያሉትን ሁለት እጀታዎች እያዞረ አንድ በአንድ ያወጣቸዋል። ካምቢዮው ግን ተፈትኖ ሳያልቅ ለገበያ ስለቀረበ ችግሩ በዛ፤ ኩባንያውም በ1937 መኪናውን ማምረት አቆመ። በፊት ጎማ የሚጎተት መኪና ከአንድ የአሜሪካ አምራች ዳግም የወጣው በ1966 በኦልድስሞቢል ቶሮናዶ ነው።

የጉዞው መጨረሻ የኦሃዮዋ ዴይተን ናት። የራይት ወንድማማቾች ከተማ መሆኗ ይታወቃል፤ ለመኪና ያበረከተችው ግን ከዚያ አያንስም። ቻርልስ ኬተሪንግ በዴይተኑ የገንዘብ መመዝገቢያ ማሽን ፋብሪካ ሲሠራ መሳቢያውን የሚከፍት አነስተኛ የኤሌክትሪክ ሞተር ሠርቶ ነበር። የተረዳው ነገር ቀላል ቢሆንም ሌሎች አላስተዋሉትም፤ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ የሚሠራ ሞተር ቀኑን ሙሉ ከሚሠራው እጅግ የበለጠ ጭነት ሳይቃጠል ሊሸከም ይችላል። ከዚያ በፊት መኪናን በኤሌክትሪክ ለማስነሳት የሞከሩ ሰዎች ሞተሩ ከመኪናው የማይተናነስ ትልቅ መሆን አለበት ብለው ያስቡ ነበር። ኬተሪንግና ጓደኞቹ በኤድዋርድ ዲድስ ጎተራ ውስጥ ከሥራ ሰዓት ውጭ እየደከሙ፣ ሞተሩን አስነስቶ ከዚያ በኋላ ባትሪውን መልሶ የሚሞላ መሣሪያ ሠሩ። ሌላንድ ገዝቶ በ1912 ካዲላክ ላይ ገጠመው፤ ሁለተኛውን የዲዋር ዋንጫም አስገኘለት።

ዛሬ መካኒኮች ሞተሪኖ የሚሉት ይህ መሣሪያ የመኪናን ባለቤት ቀየረ። በጉልበት ብረት ማዞር ሲቀር ሴቶች፣ አረጋውያንና አቅመ ደካሞች በብቸኝነት መንዳት ቻሉ። ክላራ ፎርድን የመሰሉ ሴቶች የኤሌክትሪክ መኪና የመረጡበት ምክንያት ስለጠፋ የኤሌክትሪክ መኪና ገበያ እየቀዘቀዘ ሄደ። በአንድ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ሞተር የተነሳው የቤንዚን መኪና የኤሌክትሪኩን መኪና ለአንድ ምዕተ ዓመት ያህል ከመንገድ አስወጣው።

ዴይተን የሌላ የመኪና ምቾትም ትዝታ አላት። በከተማዋ በቀድሞ የፓካርድ መሸጫ ሕንፃ ውስጥ ለዚሁ ኩባንያ የቆመ ሙዚየም አለ። ፓካርድ በ1940 ሞዴሎቹ ላይ አየር ማቀዝቀዣን ከፋብሪካ ጀምሮ ገጥሞ በማቅረብ የመጀመሪያው ሆነ። መሣሪያው የዕቃ መጫኛውን ግማሽ ይይዝ ነበር፤ ከ250 ዶላር በላይም ያስጨምራል። ቅዝቃዜውን ለማጥፋት የፈለገ ነጂ መኪናውን አቁሞ ኮፈኑን ከፍቶ ቺንጋውን ማውለቅ ነበረበት። ኩባንያው ከሁለት ዓመት በኋላ ተወው፤ ማቀዝቀዣ ተመልሶ የተስፋፋው በ1950ዎቹ ነው።

ዴይተን ከሁሉም የከፋውን ፈጠራም አይታለች። በኬተሪንግ የሚመራው የጄኔራል ሞተርስ ምርምር ቤተ ሙከራ ባልደረባ ቶማስ ሚድግሊ፣ ቤንዚን ላይ ትንሽ የእርሳስ ውህድ ቢጨመር ሞተር እንደማይንኳኳ በታኅሣሥ 1921 እዚሁ ከተማ አገኘ። በእርሳስ የተቀላቀለው ቤንዚን ለሕዝብ የተሸጠው መጀመሪያ በዴይተን በየካቲት 1923 ነው። እርሳስ መርዝ መሆኑ ከጥንት ጀምሮ ይታወቅ ነበር፤ ሚድግሊ ራሱ ታሞ ነበር። በ1924 በኒው ጀርሲ ውህዱን በሚሠራ ፋብሪካ አምስት ሠራተኞች ሞቱ። ሽያጩ ለአጭር ጊዜ ቆሞ ቀጠለ፤ ከሃምሳ ዓመት በላይም የዓለም ከተሞች አየር በእርሳስ ተመረዘ፤ በዋነኛነትም የተጎዳው የሕፃናት አእምሮ ነበር።

ጥፋቱ መታረም የጀመረውም በአሜሪካ ነው። በ1970 የወጣው የአየር ንጽሕና ሕግ አምራቾችን ስላስገደደ ጄኔራል ሞተርስና ሌሎችም በ1975 ሞዴሎቻቸው ላይ የጭስ ማጣሪያ ካታሊስት ገጠሙ። ካታሊስቱ እርሳስ ሲነካው ስለሚበላሽ እርሳስ የሌለው ቤንዚን በየማደያው መቅረብ ግድ ሆነ። ዩናይትድ ስቴትስ በ1996 በመንገድ መኪኖች ላይ የእርሳስ ቤንዚንን ጨርሳ ከለከለች፤ ኢትዮጵያን ጨምሮ ከሰሃራ በታች ያሉት የአፍሪካ አገሮች ከ2006 መጀመሪያ አንስቶ ተላቀቁት፤ በዓለም የመጨረሻዋ አልጄሪያ ደግሞ በ2021 ሽያጩን አቆመች።

የባትሪ መኪና ታሪክም በመሐል ተቋርጦ ቀጠለ። ጄኔራል ሞተርስ በ1996 ኢቪ 1 የተባለውን የኤሌክትሪክ መኪና በኪራይ ካቀረበ በኋላ መልሶ ሰብስቦ አብዛኞቹን አስደመሰሳቸው። በ2008 ቴስላ በሊቲየም አዮን ባትሪ የሚሠራውን ሮድስተር ለገበያ አወጣ፤ ቀጥሎም በካሊፎርኒያዋ ፍሪሞንት በነበረ አሮጌ ፋብሪካ በብዛት ማምረት ጀመረ። ኢትዮጵያም በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ከልክላ ፊቷን ወደ ኤሌክትሪክ መኪና አዞረች። ሞተሪኖ ገፍቶ ያስወጣው ቴክኖሎጂ ከመቶ ዓመት በኋላ ወደ መንገድ ተመልሷል።

በእነዚህ ከተሞች የሚገኙት ማስረጃዎች ለመነሻው ጥያቄ መልስ ይሰጣሉ። ዱሰንበርግ ፍሬኑን ሠራ፤ ክራይስለር ለሕዝብ አደረሰው። ጄኔራል ሞተርስ ኤርባግን ገጠመ፤ ከዚያም ጥሎት ሌላው አነሳው። ፎርድ ሞተሩንም ሆነ መኪናውን አልፈለሰፈም፤ መኪናን ሁሉም ሰው እንዲገዛው ያስቻለውን የአሠራር ዘዴ ግን እስከ መጨረሻው ገፋበት። ሚድግሊ ጀምሮ ጨረሰ፤ ዓለም ግን ዋጋውን በሕፃናት ጤና ከፈለች። ስለዚህ የቀዳሚነት ክብር የሚገባው ለመጀመሪያው ናሙና ብቻ አይደለም፤ ናሙናውን አሻሽሎ፣ አርክሶ፣ አደጋውንም መርምሮ ለሰው እጅ ላበቃው ነው። አዲስ የመኪና ቴክኖሎጂ በቀረበ ቁጥርም አንባቢ ሁለት ነገር ይጠይቅ፦ ለስንት ሰው ደረሰ? ዋጋውንስ የሚከፍለው ማን ነው?